የሐብታሙ ዶልፊን ስሟ እንዴት እንደጠፋ

የውጭ አገር የመኪና ፕሮግራም ሌላ አገር ተወስዶ እንደገና ሲሠራ ለምን እንደ ዋናው አይጥምም ብላችሁ ተጨንቃችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጭንቀቱን ተዉት። እኔ ለሁላችሁም ስል ሞክሬው፣ ተዋርጄበት፣ ምክንያቱን ይዤ ተመልሻለሁ። ተጨንቃችሁ የማታውቁም ብትሆኑ አትሂዱ፤ የሰው ውርደት መስማት ለማንም አይከብድም።

ፕሮግራሙን፣ ወይም እሱን የመሰለ አንዱን፣ ሳታዩት አትቀሩም። ጥቂት ጎልማሶች አሮጌ አሮጌ መኪና ይይዙና አገር ያቋርጣሉ። መንገዱን ሙሉ ይሰዳደባሉ። አንዱ ጭቃ ውስጥ ሲቀር ሌሎቹ ስቀውበት ጥለውት ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ አንደኛው ቅንድቡን አንስቶ ካሜራውን እያየ ስለ መኪናው አንድ መርዛም ዓረፍተ ነገር ይወረውራል፣ ሙዚቃ ይገባል፣ አለቀ። ስታዩት ማንም ሊሠራው የሚችል ነገር ይመስላችኋል። እኔን ያጠፋኝም ይኸው መምሰሉ ነው።

የማየው ሐብታሙ ቤት ነበር፤ እሱ ዲሽ አለው። ሐብታሙ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የተቀመጠ ጓደኛዬ ነው። ከቦንጋ ሺሺንዳ የምትመላለስ ነጭ ዶልፊን ሚኒባስ አለችው። አለችው ብቻ ብል ያንስባታል። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ የባለቤቱ የእልፍነሽ ትንሽ ሱቅ፣ ሁሉም ከእሷ ጎማ ላይ የወጣ ነው። ዝናብ ሲዘንብ መጀመሪያ እሷን ከጥላ ሥር ያስገባና ነው ራሱ ቤት የሚገባው።

አንድ እሑድ የዚያን ፕሮግራም የሌላ አገር ቅጂ አየን። ጃኬቱ ያው ነው፣ መብራቱ ያው ነው፣ ቀልዱ በሚመጣበት ቦታ ላይ ቀልድ የሚመስል ነገር ይመጣል፤ ግን አንዱም ከንፈራችንን አላነቃነቀውም። ሐብታሙ አዛጋ። እኔ ግን ተነስቼ ቆምኩና ጥፋታቸው የት ላይ እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ።

«መንገድ የላቸውም» አልኩት። «አስፋልት ላይ ምን ቀልድ አለ? እኛ ጋ ነው መንገድ ያለው። ከከተማ ወጣ ብለህ የምታገኘው ጭቃ ብቻውን ሽልማት ይወስዳል።»

«ጭቃውን እኔ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ስቄበት ግን አላውቅም» አለኝ ሐብታሙ።

ይህንን ንግግር ያኔ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ። ቦንጋ ውስጥ ፊቴን የማያውቅ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ድምፄን የማያውቅ ግን የለም። ውሃ ሊቋረጥ ሲሆን፣ የክትባት ቡድን ሲመጣ፣ የግብር መክፈያ ቀን ሲቃረብ፣ ፒክአፕ ላይ ሞንታርቦ ጭኜ ከተማውን እየዞርኩ የምለፍፈው እኔ ነኝ። እናቶች ድምፄን ሲሰሙ ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ፤ ሕፃናት ደግሞ መርፌ መጣ ብለው ይደበቃሉ። ይህን ያዙልኝ፤ እኔ ሳልይዘው ቀርቼ ነው ጉድ የሆንኩት።

ሦስተኛ ሰው ስለሚያስፈልገን መምህር ገብሬን ጠየቅኋቸው። መምህር ገብሬ ለእኔም ለሐብታሙም ሒሳብ ያስተማሩን፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በየማለዳው የሚያጥቧት፣ ግን ከግቢ እምብዛም የማያስወጧት አንዲት አሮጌ የቤት መኪና አለቻቸው። እሺ ያሉኝ ፕሮግራሙ ስለ ትራፊክ ደኅንነት የሚያስተምር ስለመሰላቸው ነው። እኔም አላረምኳቸውም። ለራሴ ባጃጅ ተከራየሁ፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ምሕረት ደግሞ በስልኳ ልትቀርጽልን ተስማማች።

የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ የስድብ ነበር። በዋናው ፕሮግራም ላይ ሰዎቹ ከመኪናቸው ወርደው ገና ሳይተያዩ ነው መዘላለፍ የሚጀምሩት። እኔም ለሐብታሙ አንድ ቆንጆ ስድብ አዘጋጅቼለታለሁ። ወደ መምህር መኪና ይጠጋና «ይህ መኪና ነው ወይስ የዶሮ ቤት?» ይላል። ይኸው ነው። መምህር በሙሉ ሱፍና ከረባት ከመኪናቸው ወረዱ። ምሕረት ጀምሩ አለች። ሐብታሙ ኮፍያውን አወለቀ።

«እንደምን አደሩ መምህር? ቤተሰብ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ? ትንሿ ጉንፋኗ ለቀቃት?»

«ደኅና ናት። መኪናዎ…» አለና ወደ እኔ አየ። እኔ በዓይኔ አበረታታሁት። «መኪናዎ በጣም ንጹሕ ናት፣ መምህር። እንዲያው ምናልባት ትንሽ አጠር ትላለች።»

«ተባረክ። ያንተዋ ደግሞ ሰፊ ናት።»

ወደ ጎን ሳብኩት። ስደባቸው እንጂ፣ አልኩት። ያስተማሩኝን ሰው? አለኝ። የውሸት ነው እኮ፣ አልኩት። ሐብታሙ አሰበበትና «የውሸት ስድብ ምን ያደርግልኛል?» አለ። «መሳደብ ካለብኝ የሚገባውን ሰው ፈልጌ ከልቤ እሰድባለሁ። ካልሆነ ለምን አፌን አበላሻለሁ?» ስንመለስ መምህር የእሱን የፊት ጎማ ንፋስ በእግራቸው እየፈተሹለት ነበር። የዚያን ቀን የቀረጽነው በሙሉ ሰላምታ ነው። ሰላምታው ሳያልቅ የምሕረት ስልክ ባትሪ አለቀ።

ችግር የለም፣ አልኩ። ስድብ ካልሆነልን እሽቅድምድም አለ። በማግስቱ ሦስታችንም ከመናኸሪያው በር ተነስተን ሺሺንዳ ቀድሞ የገባ እንዲያሸንፍ ተስማማን። እኔ በባጃጅ ስለሆንኩ መሸነፌ የታወቀ ነው፤ ቀልዱም እሱ ነበር። ተነሳን። ከከተማው ጫፍ ሳንደርስ መምህር ፍሬቻ አበሩና ዳር ያዙ። ሐብታሙም ኋላቸው ቆመ። እኔ ሁለቱንም አልፌ በደስታ ልጮህ ስል ድንኳኑን አየሁት። ለቅሶ ቤት ነው።

ለቅሶ ታልፎ አይኬድም። በተለይ እንደ እኔ ድምፁ በየሰፈሩ የሚታወቅ ሰው በባጃጅ እየተሽቀዳደመ ድንኳን ቢያልፍ፣ ነገ እኔ ቤት ድንኳን ሲተከል ማን ይመጣል? ባጃጇን አቁሜ ገባሁ። ምሕረት ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሴቶቹ በኩል ሄደች። ንፍሮ ቀረበልን። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ውድድሩ አልቆመም፣ ቀድሞ የተነሳ ያሸንፋል። ግን ከለቅሶ ቤት ቀድሞ መነሳት ነውር ነው። ስለዚህ ሦስት ተወዳዳሪዎች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ እርስ በርስ በጎን እየተያየን፣ ማን መጨረሻ ላይ እንደሚነሳ መፎካከር ጀመርን። መምህር አሸነፉ። እኛ ተስፋ ቆርጠን ስንወጣ እሳቸው ከሟች ታላቅ ወንድም ጋር ስለ ድሮ ትምህርት ገና መጀመራቸው ነበር።

የቀረኝ ጭቃው ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ብለን በአንድ የጫካ መንገድ ሄድንና ባጃጇን ሆን ብዬ መጥፎው ቦታ ላይ አስገባኋት። ዕቅዱ ግልጽ ነበር። እኔ እቀራለሁ፣ ሁለቱ እየሳቁብኝ ያልፋሉ፣ ምሕረት ብቸኝነቴን ትቀርጻለች። መምህር በጨዋ ደንብ ክላክስ አድርገው አለፉ። ሐብታሙ ቀጠለና እንዳስተማርኩት «ሃ ሃ ሃ» እያለ አለፈኝ። ከዚያ ፍሬን ያዘ። ከዚያ ወደ ኋላ መጣ።

«እልፍነሽ ይህን ብታይ ምን ትለኛለች?» አለ ሱሪውን እየሰበሰበ።

እሱ ከመውረዱ በፊት ግን አገሩ ወርዶ ነበር። ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከዳገቱ ገመድ ይዘው የመጡ አሉ፣ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ከጎማው ሥር የሚያነጥፉ አሉ፣ ዝም ብለው ምክር የሚሰጡም አሉ። ምሕረት «እባካችሁ ትንሽ ዞር በሉለት፣ ብቻውን የቀረ እንዲመስል ነው» ብላ ለመነቻቸው። እሺ ብለው ዞር አሉ። ካሜራው ሲበራ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው እየተንቀራፈፉ መጡና አጠገቤ ቆሙ።

«አባቴ፣ ከካሜራው ውጡልን» አለቻቸው።

«ብቻውንማ አይሆንም» አሉ። ከዚያ በኋላ ባጃጇን እኔ ውስጧ እያለሁ አንስተው ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጧት፤ ቀጥሎም ቆጮና አይብ ሳትቀምሱ አትሄዱም ተባልን።

እዚህ ላይ ጥናቴን ላካፍላችሁ። እዚያ ዋናው ፕሮግራም ላይ ሰውዬው ብቻውን ጭቃ ውስጥ መቅረቱ የሚያስቀው በእውነት ብቻውን ስላልቀረ ነው። ከካሜራው ኋላ መካኒክ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ምሳም አለ። ስድቡም የሚያስቀው ሲያልቅ አብረው ራት እንደሚበሉ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። እኛ ካሜራ ብቻ ገልብጠን ከካሜራው ኋላ ያለውን ረሳነው። ጃኬት ይገለበጣል፣ ያንን መገልበጥ ግን ከባድ ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በእጄ ያለው ፊልም ሰላምታና ግብዣ ብቻ መሆኑን።

ስለዚህ ፕሮግራሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላድነው ወሰንኩ። መናኸሪያው ውስጥ፣ ሐብታሙ ምሳ ሊበላ ሄዶ ሳለ፣ ከዶልፊኗ ፊት ቆምኩ። ኮቴን አስተካከልኩ። ቀልዱን የበለጠ ለማሳመር ብዬ ያንን የሞንታርቦ ድምፄን አወጣሁት።

«ውድ የከተማችን ነዋሪዎች፤ በዚህች የሐብታሙ መኪና ወደ ሺሺንዳ ለመጓዝ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ንስሐ እንድትገቡ በትሕትና እናሳስባለን።»

ከዚያ ቅንድቤን አነሳሁ። ምሕረት በሳቅ ስልኳ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀች። በሙሉ ቀረጻው የተሰማ ብቸኛ ሳቅ እሱ ነው፤ አንድ ሰው ሳቀ ማለት ሕዝብ ይስቃል ብዬ አሰላሁ። ምሕረት እንባዋን ጠርጋ «ግን ሐብታሙ መጀመሪያ ቢሰማው አይሻልም?» አለችኝ።

«ሐብታሙ ጓደኛዬ ነው» አልኳት። ከዚህ የበለጠ የቂል መልስ በሕይወቴ ሰጥቼ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ቪዲዮውን በስልክ ለቀቅነው።

ቪዲዮው ረጅም ነው። ለመላክ ከባድ፣ ለማየትም የበለጠ ከባድ። አንድ የማላውቀው ቸር ሰው መጨረሻውን ቆረጠና፣ ምስሉን ትቶ ድምፁን ብቻ ላከው። ቅንድቤ ቀረ። የምሕረት ሳቅም ቀረ። የቀረው ውሃ ሲቋረጥ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው፤ ያ ድምፅ ደግሞ ቀልዶ አያውቅም።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር፤ ሐብታሙ ሁለት ሦስት ዙር የሚሠራበት ቀን። ተራ አስከባሪው «ሺሺንዳ፣ ሺሺንዳ» ይጣራል። አንዲት ቅቤ ነጋዴ አንድ እግሯን ዶልፊኗ ውስጥ አስገብታ «ይቺ ናት እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ናት ሲሏት እግሯን አወጣች። ሌላው ሰው እግሩንም አላስገባም። ወሬው ትራፊክ ፖሊስ ጋ ደርሶ ኖሮ አንዱ መጥቶ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ጎማውን ሁሉ ፈተሸ። እንከን አላገኘባትም፣ ቦሎዋም ያላለፈ ነው። ነገር ግን በሕዝብ ፊት የምትፈተሽ መኪና ምን ትመስላለች? «አያችሁ፣ ባይኖርባት አይፈትሹዋትም ነበር» ተባለ። ኋላዋ የተሰለፉት ሚኒባሶች ሞልተው ሞልተው ወጡ፤ እሷ ባዶዋን ቆመች።

እረፋዱ ላይ ስልኬ ጠራ። ሐብታሙ ነው።

«ምን አድርጌህ ነው?» አለኝ።

ላስረዳው ጀመርኩ፤ ስለ ዋናው ፕሮግራም፣ ስለ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር፣ ስለ ቅንድብ። መሐል ላይ ስልኩ መዘጋቱን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ከዚያ በኋላ ብደውል አያነሳም፤ መንገድ ላይ ብንገናኝ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ያልፋል።

እልፍነሽ ቤቴ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። ብትጮህብኝ እንዴት ደስ ባለኝ፤ እሷ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ልጆቹ የአባታችን መኪና ሰው ትገድላለች ወይ ብለው ጠየቁኝ» አለች። «ምን ብዬ ልመልስላቸው? ማስታወቂያ የምታውቀው አንተ ነህና ንገረኝ።» ስትሄድ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ አፈርኩ። በዚያ ሰዓት ያ ሁሉ አገር አቋራጭ መኪናና ጃኬት አስጠላኝ።

በአፌ ያበላሸሁትን በአፌ ላስተካክል ብዬ ተነሳሁ። አለቃዬን ሳላስፈቅድ ሞንታርቦውን ጫንኩና «የሐብታሙ ሚኒባስ ምንም ዓይነት ችግር የሌለባት መሆኑን እየገለጽን፣ ኅብረተሰቡ ሳይደናገጥ እንዲገለገልባት» እያልኩ ከተማውን ዞርኩ። የረሳሁት ነገር ቢኖር፣ ከዚህ በፊት «የውሃ ችግር የለም» ብዬ ባወጅኩ ቁጥር ከተማው በሙሉ ጀሪካን ይዞ ይወጣ እንደነበር ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩን ያልሰሙ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ሰሙ። አለቃዬ ቢሮ ጠርቶ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሽማግሌ ነው። መምህር ገብሬን ለመንኳቸው፤ እሳቸው ጋሽ ወልደየስን ጨመሩ። ጋሽ ወልደየስ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚያበርዱ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። ሐብታሙ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሐብታሙ ወደ እኔ ላለማየት ፊቱን ወደ ዶልፊኗ አዞረ። ጋሽ ወልደየስ ያንን የተቆረጠ ድምፄን ከስልክ ላይ አንዴ ሰሙ። ድገሙልኝ አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ድገሙልኝ ሲሉ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ።

«ያ የውጭ አገሩ ሰውዬ» አሉ፣ «መኪናውን ሲሰድብ ባለቤቱ ምን ይላል?»

«ባለቤቱ ራሱ ነው ጋሼ። ስድቡ የሚደርሰው ለሠራው ፋብሪካ ነው።»

«የፋብሪካው ጌታ ልጆች የሚበሉት አጡ?»

«የለም፣ እነሱ ሀብታሞች ናቸው።»

«እንግዲያው ሰውዬው ማንንም አልጎዳም። አንተ ግን የሰው ምሳ ላይ ነው የቆምከው።» ዓይናቸውን ገለጡ። «ሐብታሙ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«ካሣ አልፈልግም» አለ ሐብታሙ አሁንም ዶልፊኗን እያየ። «ስሟን ይመልስልኝ። ሞልታ ከመናኸሪያ ስትወጣ ያየሁ ቀን አነጋግረዋለሁ። ከዚያ በፊት አልችልም።»

ጋሽ ወልደየስ ብዙ አሰቡ። የእኔ ቃል ከእንግዲህ እንደማይሠራ፣ ራሴ ብሳፈርም ሰው «ተገድዶ ነው» እንደሚል ተናገሩ። ከዚያ ወደ መምህር ዞር ብለው «ይህ ሰው በዓለም ላይ አብልጦ የሚፈራው ማንን ነው?» ብለው ጠየቁ።

መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አማቱን» አሉ።

ሐብታሙ እንኳ ትከሻው ነቅነቅ ያለ መሰለኝ። ፍርዱ ያኔውኑ ተሰጠ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አማቴን በሕዝብ ፊት ዶልፊኗ ላይ አሳፍራለሁ። ሰው በራሱ ነፍስ ሊጫወት ይችላል፤ በእማማ ዘነበች ነፍስ እንደማልጫወት ግን ቦንጋ በሙሉ ያውቃል።

እማማ ዘነበች ትንሽ ሰውነት ያላቸው፣ ሲናገሩ ግን ትልቅ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ሄጄ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ስለ ቅንድቡ ስደርስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ማስታወቂያውን ሰምቻለሁ» አሉኝ።

«ማስታወቂያ አይደለም እማማ፣ ቀልድ ነው።»

«አንተ ቀልድ አትችልም። ልጄን ካገባህ ጀምሮ አውቅሃለሁ።» ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «እሄዳለሁ። እኅቴም እዚያው ሺሺንዳ ናት፤ ካየኋት ቆየሁ።»

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ እንዲህ በቀላሉም አላለቀም።

የገበያው ቀን ደረሰ። መናኸሪያው ጢም ብሎ ሞልቷል። ስለ ፍርዱ ሁሉም ሰምቷል፤ ሊሳፈር የመጣውም ሊያይ የመጣውም ዶልፊኗን ከብቦ ቆሟል። ሐብታሙ መሪውን ይዞ ጋቢና ተቀምጧል። ውስጧ ባዶ ነው። ጠበቅን። እማማ የሉም። ሰው መጉረምረም ጀመረ። «አማትየውም ፈሩ» አለ አንዱ። ወደ ቤታቸው መንገድ አንጋጥጬ ሳይ፣ በተቃራኒው በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ቀስ እያሉ መጡ።

«ምነው ዘገዩ እማማ? ከየት ነው?» አላቸው ተራ አስከባሪው፣ እሱ መቼም ድምፁ ትልቅ ነው።

«ከንስሐ አባቴ ዘንድ» አሉ እማማ፣ ከእሱ በበለጠ ድምፅ። «ከመሳፈራችሁ በፊት ተብሎ የለ? እንደተባለው አድርጌ ነው የመጣሁት።»

ሰው ሁሉ ከዶልፊኗ አንድ አንድ እርምጃ ሸሸ። ከዚህ የከፋ ሊመጣ አይችልም። ስሟን ይመልሳሉ ብዬ ያመጣኋቸው ሴት ስሟን ቀበሩት። ሐብታሙ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

እማማ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ጋቢና ወጡ። ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ሕዝቡ ዞረው በቃል ገረፍ ገረፍ አደረጉት።

«ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? እኔ ያለብኝን ጨርሼ መጥቻለሁ። የሚፈራ ሰው፣ ሳይናዘዝ የቀረው ነገር ያለበት ነው። እሱ ይቆይ፣ አንጠብቀውም።»

መጀመሪያ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ሲተያዩ ገባቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ገባኝ። ዶልፊኗ ላይ አለመሳፈር ከእንግዲህ ስለ ዶልፊኗ የሚናገረው ነገር የለም። ስለ ቀረው ሰው ነው የሚናገረው።

ቅቤ ነጋዴዋ ቅሏን ከመሬት አነሳች። «እኔ ደግሞ ምን አለብኝ?» ብላ ገባች። ከኋላዋ ሁለት ጎረቤቶቿ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «እኛም» እያሉ ተከተሉ። አንድ የጨርቅ ነጋዴ፣ ጴንጤ ነው፣ «እኛ በየዕለቱ ነው የምንናዘዘው» ብሎ ከፊት ወንበር ያዘ። ከሺሺንዳ አልፎ ወደ ዋጫ ከተማ የሚሄድ አንድ የቢሮ ሰው፣ መንገዱ በሺሺንዳ ስለሆነ እዚያ መውረዱ እንደማይከፋ ለሰማውም ላልሰማውም እያስረዳ ገባ። ኋላ በቆመችው ሚኒባስ ውስጥ ተደላድለው የተቀመጡ ሰዎች ሰው ሁሉ እያያቸው መሆኑን ሲያውቁ አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ሁለት የተከበሩ ጎልማሶች ተጋፉ፤ አንዱ ሌላውን «አንተ ብትቆይ ይሻልሃል» ብሎት ሊጣሉ ነበር።

ዶልፊኗ ሞላች። ያለ ትርፍ፣ ግን አንድም ክፍት ቦታ ሳይቀር ሞላች። እኔ በደስታ ወደ በሩ ሮጥኩ፤ በሩ ላይ ቆሜ ውስጡን ሳይ የሚቀመጡበት ቦታ የለም። ተሳፋሪው በሙሉ አየኝ። እማማ አንገታቸውን አዙረው «አንተስ ጨርሰሃል?» አሉኝ።

በሩን ለቅቄ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ሐብታሙ ሞተሩን አስነሳ። ማርሽ አስገባ። ከዚያ በመስኮቱ ወጣ ብሎ፣ ከዚያ ስልክ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አየኝ።

«አንተን ማን ያሳፍርሃል?» አለኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። «ሂድና ጨርሰህ ና። በሁለተኛው ዙር ጋቢናውን ይዤልህ እጠብቅሃለሁ።»

መናኸሪያው በሳቅ ፈነዳ። ዶልፊኗ ክላክሷን እያሰማች በበሩ ወጣች። እኔም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን ዳገት፣ ሰው እያየኝ፣ በሩጫ ወጣሁት፤ ጋቢና ተይዞልኛላ።